ጨርቅ በአፉ የሚፈትነው ሙነወር

"ሙነወርን የማያውቅ መርካቶን አያውቅም።"

ይሄን ያልኩት እኔ እንዳይመስላችሁ። ያለው ራሱ ሙነወር ነው። ስለ ራሱ ሲያወራ እንደ ሌላ ሰው በስሙ ነው የሚጠራው። "ሙነወር ይሄን ጨርቅ አይቶ ናቀው፣ ሙነወር ይሄን ከሩቅ አወቀው" ይላል። ሠርግ ላይ የተጠራ አዝማሪ እንኳን የሙሽራውን አባት ይሄን ያህል አያወድስም።

እኔ ቁልፍ፣ ዚፕና ክር ነው የምሸጠው። እሱ ደግሞ ከጎኔ፣ ከራጉኤል ወረድ ብሎ እዛው አንድ በረንዳ ላይ፣ በእግሩ የሚረግጣትን መኪናውን ይዞ ይሰፋል። አስራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠናል። በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ "ተሳስቻለሁ" ሲል አንድ ቀን አልሰማሁም። መርፌ ጣቱን ሲወጋው እንኳን መርፌዋን ነው የሚሰድበው።

ታሪኩ አጭር ነው፣ እሱ ነው የሚያስረዝመው። በአስራ ስድስት ዓመቱ ከደሴ መጣ፣ አንድ የመናዊ ልብስ ሰፊ ዘንድ ገባ፣ ካውያ አጋለ፣ ቁልፍ ተከለ። ለውጡ ሲመጣ የመናዊው ጓዙን ጠቅልሎ አገሩ ገባና መኪናዋን ለሱ ተወለት። እዚህ ድረስ እውነት ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የሙነወር ነው። የመናዊው ሊሄድ ሲል ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ "መኪናዋ ምንም አይደለችም ልጄ፣ እውቀቱን ነው የምሰጥህ" አለው ይባላል። ባዩም ሙነወር ነው።

እውቀቱ ምን መሰላችሁ? መንፋት!

ጨርቅ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። መጀመሪያ አያያችሁም። መነጽሩን ያወልቃል፣ ጨርቁን በሁለት እጁ ወጥሮ ከንፈሩ ላይ ይለጥፈዋል፣ ከዛ ጉንጩን እንደ ቦርሳ ነፍቶ ያስተነፍሰዋል። ዓይኑ ይፈጣል፣ የአንገቱ ጅማት ይገተራል፣ ጆሮው ይቀላል። መንገደኛ ቆሞ ያያል። ሲጨርስ ጨርቁን ዝቅ አድርጎ፣ ምራቁን በእጅጌው ጠርጎ፣ ፍርዱን ይሰጣል። "ነፍስ አለው" ካለ ግዙ ነው። "በድን ነው" ካለ ባለሱቁ አለቀለት። ትንፋሽ በደንብ ካለፈ ላብ ያስወጣል፣ ጭራሽ ካላለፈ ሰው ያፍናል። በቃ፣ ዩኒቨርሲቲው ይሄ ነው። የመርካቶን ጨርቅ ሁሉ ስሞ ጨርሷል። ሚስቱ ጠሂራ አንዴ ስትስቅ "እቤትም አዲስ ሻሽ ከገዛሁ ሳይነፋው አያስለብሰኝም" ብላ ነግራኛለች። እኔ ደግሞ ለማንም አልነገርኩም፣ ከሰፈሩ ሰው በስተቀር።

የሚገርመው ሰው ያምነዋል። "ዶክተር" ነው የሚሉት። የተማረ፣ ደብተር የሚይዝ የመንግሥት ሠራተኛ ሳይቀር ካፖርት ይዞ መጥቶ ተሰልፎ ያስነፋል። ሞኝ በሞኝ ሲተማመን ማየት ደስ ይላል።

እንግዲህ በሰባ ስምንት፣ ግንቦት ውስጥ፣ ከቀበሌ ደብዳቤ መጣ። በረንዳ ላይ ያለን ሁሉ እስከ ሰኔ ሠላሳ እንድንነሳ። እኔ ቁልፌን በሳጥን አድርጌ አንዱ ሱቅ ደጃፍ ብሸጥ ማንም አይጠይቀኝም። መኪና ያለው ሰው ግን የት ይሄዳል? ልብስ ሰፊዎቹ የኅብረት ሥራ ማህበር አላቸው፣ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ፣ እዚሁ መሐል መርካቶ። ማህበሩ ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ ነበር የቀረው። ያንን ያላገኘ ወደ ቤቱ። የሙነወር ቤት ደግሞ ተክለ ሃይማኖት፣ ከጉሮኖ የጠበበ መተላለፊያ ገብታችሁ፣ ሁለቴ ታጥፋችሁ፣ የሰው ኩሽና አቋርጣችሁ የምትደርሱበት አንድ ክፍል ነው። እዛ ድረስ ሱሪ ለማሳጠር የሚመጣ ሰው የለም። እዛ ገባ ማለት ሙነወር አለቀ ማለት ነው፣ እሱም ያውቀዋል። ሰሞኑን ጉራው እንኳን ቀጥኖ ነበር።

የማህበሩ ሊቀመንበር አሸብር ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን "ጤና ይስጥልኝ" ለማለትም ስብሰባ የሚጠራ ሰው ነው። አንድ ቀን መጣና እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ።

"ጓድ ሙነወር፣ በመሠረቱ ጉዳዩ እንዲህ ነው። የወዛደሮቹ ማህበር፣ እነ ጥጋቡ፣ አርባ ሁለት ሰዎች ናቸው። ለክረምቱ የዝናብ ልብስ ተፈቅዶላቸዋል። መጋዘን ውስጥ ሦስት ዓይነት አለ፣ አንዱን ነው የሚመርጡት። አንተ ደግሞ ጨርቅ ያውቃል እየተባልክ ነው።"

"እየተባልክ?" አለ ሙነወር ቅር ብሎት።

"ያው። አንተ ምረጥላቸው። አንተ የመረጥከውን ወዛደሮቹ ተቀብለው ከፈረሙ ሥራው ለማህበራችን ነው፣ አንተም ከሥራው ጋር ትገባለህ። ካልፈረሙ ግን ወረፋ የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ።"

"ሙነወር እያለ ሌላ ሰው ምን ይሠራል?" አለ የኛ ሰው። ጉራው በዛችው ቅጽበት ተመለሰች።

በማግስቱ ሦስቱ በረንዳችን ላይ ተዘረጉ። አንደኛው ጥቁር ላስቲክ ነው፣ ከሸማ ጀርባ ጎማ የተቀባ፣ ሽታው የአዲስ ጎማ። ሁለተኛው አረንጓዴ ሸራ፣ የመኪና መሸፈኛው ዓይነት። ሦስተኛው ሰማያዊ ጃኬት ነው፣ የተሰፋ፣ ግን ያገለገለ። በድርቁ ጊዜ ለእርዳታ የመጡ ፈረንጆች ሲመለሱ ጥለውት የሄዱት ነው፣ አምሳ ይሆናል፣ ግማሹ ክርኑ ላይ የተቀደደ፣ ግማሹ ዚፑ የወለቀ። ዚፕ የሚለውን ስሰማ እኔም ጆሮዬ ቆመ፣ አልዋሽም።

የወዛደሮቹ አለቃ ጥጋቡ ከጎጃም የመጣ፣ ትከሻው በር የሚያህል፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ከጃኬቶቹ አንዱን ወር ሙሉ ለብሶ ሠርቶበታል።

"ጋሼ ሙነወር፣ ይሄኛው ደግ ነው" አለ። "ዝናቡን አያስገባም፣ ላቡን ግን ያስወጣል።"

ሙነወር ሳቀ። ዞር ብሎ ሰዉን ሁሉ አየና እንደገና ሳቀ።

"ኬላ ነው እንዴ? ላቡን 'እለፍ'፣ ዝናቡን 'ቁም! መታወቂያ!' የሚል ጥበቃ ቆሞበታል?"

በረንዳው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ስቄያለሁ፣ ጥሩ ነበረች።

"እኔ የለበስኩትን ነው የምናገር፣ ጋሼ" አለ ጥጋቡ።

"አንተ ተሸከም። ጨርቅ ለሙነወር ተውለት።"

ከዛ መነጽር ወለቀ። ላስቲኩን ነፋ፣ ምንም አላለፈም። "በድን!" ሸራውን ነፋ፣ ፉፉ እያለ በሌላው በኩል ወጣ። "ነፍስ አለው!" ሰማያዊውን አነሳ። ነፋ። ጉንጩ አበጠ፣ ዓይኑ ፈጠጠ፣ ፊቱ እንደ ቀይ ሽንኩርት ሆነ። አላለፈም። አውርዶ ወደ ጥጋቡ ወረወረው።

"ላስቲክ ነው። ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ላስቲክ። ፈረንጁ ቀልዶብሃል።"

ጠርዙንም በመቀስ ቆረጠና አየው። እኔም አየሁት። ሦስት ድርብ ነው፤ ላዩ ናይለን፣ ውስጡ እንደ መረብ፣ መሐሉ ላይ የተቀቀለ እንቁላል ስትልጡ ከቅርፊቱ ሥር እንደምታገኟት ስስ ነገር ያለች ነጭ ሽፋን። ስፌቱ ላይ ደግሞ ከውስጥ በኩል እንደ ፕላስተር ያለ ነገር ዙሪያውን ተለጥፎበታል። እንኳን ዶክተር፣ የቁልፍ ነጋዴም "ይሄ ነገር ተደክሞበታል" ይላል። ሙነወር ግን ቁራጩን ወደ ኋላ ወርውሮ ሸራውን መረጠ።

"ሸራ ውሃ ያስገባል እኮ" አለው አሸብር።

"ሙነወር ሰም ይቀባዋል። አብሽር።"

ካፖርት አድርጎ ሰፋውና ቀባው። ሰሙን በካውያ እያቀለጠ፣ እያሸ፣ እጥፋቱን ሁሉ አጠገበው። ሸራው እንደ ቁርበት ደረቀ፣ ራሱን ችሎ ቆመ። አሁን ልብ በሉልኝ፣ ከቀባው በኋላ መልሶ አልነፋውም። ቢነፋው ኖሮ የሱ ሸራም "በድን" ሆኖ ነበር። ለሱ ምን ብዬ እነግረዋለሁ? መስማት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

ጥጋቡ ግን አርባ ሁለት ሰው ሳይፈርም በፊት በሥራ ላይ ይታይ አለ። ሰኔ አጋማሽ ላይ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ በያዘበት ቀን ሦስት ሰው ተነሳ። በሪሁን የሚባለው ላስቲኩን፣ ጠይብ የሚባለው የሙነወርን ሸራ፣ ጥጋቡ ሰማያዊውን ለበሱ። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ኩንታል ስኳር ተሸክመው ከኛ ጋ እስከ መሳለሚያ፣ ከመሳለሚያ ሌላ ኩንታል ይዘው መልስ።

ሲመለሱ በሪሁን ላስቲኩን ከፈተው። እንደ ተከደነ ድስት እንፋሎቱ ቡልቅ ብሎ ወጣ። ሸሚዙን አውልቆ ሲጨምቀው ጭው ብሎ ወረደ።

"ሰማዩ አልነካኝም፣ እኔው ነኝ በራሴ ላይ የዘነብኩት" አለ።

ጠይብ ደግሞ ትከሻው ርሷል። ኩንታሉ የፈተገበት ቦታ ሰሙ ተፍቆ ሄዷል፣ ውሃው በዛ ገብቷል። ከዛ በታች ደግሞ ላብ። "ጋሼ፣ ሁለት ኩንታል ነው የጫኑብኝ፣ አንዱ ስኳር አንዱ ካፖርት" አለ።

ጥጋቡ ዚፑን ፈታ። ኮሌታው ርሷል፣ ብብቱ ሥር ትንሽ ወዝቷል። ጀርባው ደረቅ። ሰዉ ሁሉ እጁን እየሰደደ ዳሰሰው፣ እንደ ገበያ በሬ።

ሁላችንም ወደ ዶክተር ዞርን።

"ጥጋቡ በተፈጥሮው አያልበውም" አለ ሙነወር። "እንዲህ ዓይነት ሰው አለ። በሽታ ነው።"

"በሉ እንቀያየር" አለ ጥጋቡ። በማግስቱ ሰማያዊውን በሪሁን ለበሰ፣ ያ ቆሞም የሚያልበው ሰው። ሄዶ መጣ። ጀርባው ደረቅ። ሙነወር ሰማይ ሰማይ አየና "ዛሬ ዝናቡ ቀጭን ነበር" አለ። ወላሂ ብሎ ማለ ደግሞ! ከላይ የወረደው ዝናብ የራጉኤልን ቦይ ሞልቶ መንገድ ላይ ጫማ ይዞ ይሄድ ነበር።

ከበረንዳችን ጥግ ጀሚላ ሻይ ታፈላለች። ዝም ብላ የምትሠራ፣ ግን ምንም ነገር የማያመልጣት ሴት ናት። ሦስት ብርጭቆ የሚፋጅ ሻይ ቀዳችና ሙነወር ፊት ደረደረችው።

"አላዘዝኩም" አለ።

"ለእርስዎ አይደለም፣ ለጨርቁ ነው።"

የተቆራረጡትን ቁራጮች ሰብስባ ኖሯል። አንዱ ብርጭቆ ላይ ላስቲኩን፣ አንዱ ላይ ሰም የጠጣውን ሸራ፣ አንዱ ላይ ሰማያዊውን ወጥራ በክር አሰረች። ከዛ በየአናታቸው ቀዝቃዛ ባዶ ብርጭቆ ገልብጣ ደፋችባቸው። ሰው ተሰበሰበ። እኔ ቁልፌን ትቼ መጣሁ፣ ሌባ ቢወስደውም ይውሰደው ብዬ።

ላስቲኩ ላይ የተደፋው ብርጭቆ ጥርት እንዳለ ቀረ። ሸራው ላይ ያለው እንዲሁ፣ ጠርዙ ላይ ትንሽ ቢሆን ነው። ሰማያዊው ላይ የተደፋው ግን ጭጋግ ለበሰ። ጀሚላ ብርጭቆውን አንስታ በጣቷ ውስጡን ጠረግ አደረገችና እርጥብ ጣቷን አሳየችው።

"ጋሼ ሙነወር፣ ይሄ በየት መጣ?"

"ከብርጭቆው ነው። በደንብ አላጠብሽውም።"

እዛው የታሰረው ሰማያዊ ቁራጭ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ ጠብ አደረገችበት። ውሃው እንደ ዶቃ ተንከባሎ ቆመ፣ አልገባም።

"እርስዎ የሚገፉት ንፋስ ነው" አለችው። "ንፋሱን ከልክሎታል፣ ልክ ነዎት። ላብ ግን እንደ ንፋስ አይገፋም። እንደ ሻይ እንፋሎት ቀስ ብሎ ነው የሚሾልከው። ከንፈርዎ ያንን አይሰማውም።"

አያችሁ፣ አንዲት ሻይ አፍይ በሦስት ብርጭቆ የሠላሳ ስድስት ዓመት ጉራ አፈረሰች። እኔ ብሆን መሬት ትዋጠኝ እላለሁ። ሙነወር ግን "አንቺ ልጅ፣ ሻይሽ ቀጭን ነው፣ ለዛ ነው ያለፈው" አለ።

አሸብር ወሬውን ሰምቶ መጣ። እንዳልኳችሁ ክፉ አይደለም። ወዛደሮቹ ሰማያዊውን መርጠዋል፣ ግን ጃኬቶቹ መጠገን አለባቸው፣ እጅ ያለው ሰው ያስፈልጋል። የሙነወር እጅ ደግሞ፣ ምን ላድርግ፣ አፉን ካልቆጠርን ጥሩ እጅ ነው።

"ጓድ ሙነወር፣ በመሠረቱ በሩ አልተዘጋም" አለው። "ቅዳሜ ስብሰባ አለ። ተነስተህ ግለሂስ ታደርጋለህ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። 'ፈተናዬ ስህተት ነበር' ትላለህ፣ ይጨበጨባል፣ ትገባለህ። ሰኞ መኪናህን ይዘህ ና።"

አንድ ዓረፍተ ነገር! ያኔ ሰው ያልሠራውን እንኳን ግለሂስ ያደርግ ነበር። ዘግይቶ ለመጣ ግለሂስ፣ ላዛጋ ግለሂስ። ቀበሌያችን ውስጥ አንዱ በማንኮራፋቱ ሁለቴ ግለሂስ አድርጓል። ሙነወር አምስት ቀን ተሰጠው። ጠሂራ ኮቱን ተኮሰችለት። እኔን ጠርታ "እባክህ አንተም ንገረው፣ አንዲት ቃል ናት፣ እዚህ ጉድጓድ ከገባ ማን ይመጣለታል?" አለችኝ። ነገርኩት። "ሙነወር ግለሂስ እንዴት እንደሚደረግ ያውቃል" አለኝ።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ወዛደሮቹም መጥተዋል፣ ጀሚላም በር ላይ ቆማለች። ስሙ ሲጠራ ተነሳ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ዘጋ።

"ግለሂሴን አቀርባለሁ" አለ። "ሙነወር ትልቅ ጥፋት ሠርቷል።"

ጠሂራ ከኋላ ሆና ዓይኗን ጨፈነች። ሊለው ነው!

"የሙነወር ጥፋት ትሕትና ነው። ከመጠን በላይ ትሑት በመሆኑ፣ እሱ እያለ ጨርቅ የሚያህል ነገር ለተሸካሚና ለሻይ ሻጭ አሳልፎ ሰጥቷል። በዚህም ሙነወር ራሱን አጥብቆ ይተቻል።"

መጀመሪያ ማንም አልሳቀም፣ አልገባንም። ከዛ አንዱ ከኋላ ፈነዳ፣ አዳራሹ ተናጋ። አሸብር ጠረጴዛውን ደበደበ።

"ጓድ! ፈተናውን! ስለ ፈተናው ነው!"

"ስለ ፈተናው?" አለ ሙነወር። ሄዶ ከአንዱ ወዛደር ላይ ሰማያዊውን ጃኬት ነጠቀና ከንፈሩ ላይ ለጠፈው። ነፋ። እንደዛን ቀን የነፋው ሙነወር ታይቶ አይታወቅም። ጉንጩ ሊቀደድ ደረሰ፣ እግሩ ተንቀጠቀጠ። ጃኬቱን አውርዶ እያለከለከ፣

"በዚያኛው በኩል ትንፋሽ የተሰማው እጁን ያውጣ!"

ማንም አላወጣም። ማን ያወጣል?

"ይኸው፣ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል" ብሎ ተቀመጠ።

አሸብር ደብተሩን ከደነ። ቦታው ወረፋ ስትጠብቅ ለነበረችው ለአልጋነሽ ተሰጠ። አልጋነሽ ሦስት ቃል የማትናገር ሴት ናት። ጃኬቶቹን ጠገነች፣ መርፌ በበሳበት ሁሉ ሰም በጣቷ አሸች፣ ከኔ ሃያ ስድስት ዚፕ ወሰደች። አርባ ሁለቱም ፈረሙ።

ሰኔ ሠላሳ ዝናቡ አላቋረጠም። መኪናዋን ወደ ተክለ ሃይማኖት የሚወስድለት ጥጋቡ ነበር፣ ማንም ሳይጠራው መጣ። ብረቷን ከነእግሯ ጀርባው ላይ አስሮ ሰማያዊውን ለብሶ ከፊት ሄደ። ሙነወር የራሱን ሸራ ለብሶ እየተንቋቋ ከኋላ ይከተላል፣ እኔ የክር ሳጥኑን ይዤያለሁ። መተላለፊያው ውስጥ ሁለት ቦታ ተቀረቀርን። የሰው ኩሽና ስናቋርጥ አንዲት ሴትዮ "ደግሞ ይሄ ምንድነው!" ብላ ጮኸችብን።

በሩ ጋ ስንደርስ ጥጋቡ መኪናዋን ሳያወርድ ጃኬቱን ከፊት ፈታና ነፋስ ሰጠው። ሙነወር በጎን በኩል እጁን ሰደደ። ወደ ሸሚዙ ጀርባ አስገባ፣ መዳፉን ለጥፎ ቆየ። የሱ ሸራ ሥር ውሃው ከእጅጌው እስከ ጫማው ይወርዳል። ጠሂራ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች። እዚህ ደግሞ ስብሰባ የለ፣ ሊቀመንበር የለ፣ አራት ሰው ብቻ። አሁን ይለዋል አልኩ።

እጁን አወጣ።

"ቁልቁለት ስለሆነ ነው" አለ። "ቁልቁለት ሰው አያልበውም።"

ጥጋቡ ከነመኪናዋ ዞረ። አልሳቀም፣ እውነቱን ነው የጠየቀው።

"እንግዲያው ሽቅብ ልመልሳትና ይዩት፣ ጋሼ?"

ሙነወር ወደ መርካቶ በኩል አየ። መልሰው የሚያስቀምጡባት በረንዳ የለችም።

"አስቀምጣት" አለ።